ለንፋሳም መሬት ዳርቻ የሚበላ አጥር፦ የትኛው ተክል ገንዘቡን ያወጣል?

መጀመሪያ ፍርዴን ልንገራችሁ፤ ጊዜ የሌለው እዚህች ላይ አንብቦ ይሂድ። ንፋስ የሚመታው አሎትመንት ይዛችሁ ዳር ዳሩን የሚበላ ነገር መትከል ካማራችሁ፣ ገንዘባችሁን ብላክከረንት የሚባለው የፍሬ ቁጥቋጦ ላይ አውሉት። ደረቅ ጥግ ካላችሁ የጥብስ ቅጠል ጨምሩበት። «የሚበላ አጥር» እየተባለ በጥቅል የሚሸጠውን ግን ግማሽ ፕሎት (ቁራሽ መሬት) ያለው ሰው ባይገዛው እመክራለሁ። ምክንያቱን ማወቅ የሚፈልግ ቡናውን ይቅዳና ይከተለኝ።

አሎትመንት ለማታውቁ፦ እዚህ እንግሊዝ አገር ካውንስል (የአካባቢው አስተዳደር) በትንሽ የዓመት ኪራይ ለነዋሪ የሚሰጠው የአትክልት መሬት ነው። የ1908ቱ ሕግ ነዋሪው ሲጠይቅ ካውንስሎች መሬት እንዲያዘጋጁ ያዛል። ዛሬም የሚለካው በድሮው መለኪያ፣ በሮድ ነው። ሙሉው ፕሎት 10 ሮድ ሲሆን 250 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። እኔ የደረሰኝ ግማሹ ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ግማሹንም ቢሰጡ እልል ብሎ መቀበል ነው።

መሬቴ ሸፊልድ ነው፣ ክሩክስ በሚባለው ከፍታ በኩል። ከተማዋ ዳገትና ቁልቁለት ናት። በምዕራብ በኩል የፔናይን ኮረብቶች አሉ። ንፋሱ እነሱን ተሻግሮ ወደ ከተማው ሲወርድ ጉልበት ይጨምራል። በፌብሩዋሪ 1962 እንዲህ ያለው ንፋስ ከ100,000 በላይ ቤቶችን ጎድቷል። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ፕሎት የያዙት ሽማግሌ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ። ጣሪያቸው ሲገለበጥ ጠረጴዛ ሥር እንዳደሩ ዛሬም ይተርኩታል። ዕድሜ ልካቸውን ብረት ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚህ በኋላ «ጎረቤቴ» ስል እሳቸውን ነው።

እኔ ደብረ ብርሃን ነው ያደግሁት። ንፋስና ብርድ አዲሴ አይደለም። ግን የእኛው ንፋስ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። የዚህ አገሩ ውኃ ተሸክሞ፣ አፈሩ በጨቀየበት ሰዓት ይመጣል። ሥሩ ያልያዘ ተክል በጭቃ ውስጥ ሲወዛወዝ ግንዱ ዙሪያውን ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ውኃ ይሞላል፣ ማታ በረዶ ይሆናል፣ ተክሉ ያበቃለታል። ንፋስ ቅጠል በመቅደድ ከሚገድለው ይልቅ በዚህ መንገድ የሚገድለው ይበልጣል።

ስለ ተክሎቹ ከማውራቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ብዙ ሰው ንፋስ ሲያስቸግረው ቶሎ ብሎ ጣውላ ይመታል። እኔም መሬቱን ስረከብ በምዕራብ በኩል የቀድሞው ተከራይ የሠራው የጣውላ ግድግዳ ነበር። ጎረቤቴ አይተውት ሳቁ። «ላቭ፣ ንፋሱን አታቁሚው፤ አድክሚው» አሉኝ። ነገሩ እውነት ነው። ድፍን ግድግዳ ሲያጋጥመው ንፋሱ ከላይ ይዘልና ከግድግዳው ጀርባ እየተሽከረከረ ይወድቃል። ልክ እዚያ ላይ ነው ጎመናችሁን የሚገነድሰው። አጥሩ ወንፊት መሆን አለበት፦ ግማሹን ያሳልፍ፣ ግማሹን ይያዝ። እንዲህ ያለው አጥር ቁመቱን እስከ አሥር እጥፍ ለሚሆን ርቀት ንፋሱን ያቀዘቅዛል። ይበልጥ የሚሠራው ደግሞ እስከ አምስት እጥፍ ድረስ ባለው ቦታ ላይ ነው።

እስቲ አስሉት። የእኔ ፕሎት ስፋቱ 10 ሜትር ነው። ከወገብ በላይ የሆነ፣ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ቁጥቋጦ ጥቅሙ እስከ ማዶው ዳር ይደርሳል። ሦስት ሜትር የሚያድግ ነገር ምን ያደርግልኛል? ጥላ ብቻ ነው የሚጨምርልኝ።

ጥላው ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። እዚህ አገር ንፋሱ በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ ነው። ፀሐይዋም ያለችው በደቡብ ነው። አገር ቤት ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች አጥሩ በየት በኩል ረዘመ ብሎ የሚጨነቅ የለም። ሸፊልድ ግን በዲሴምበር አጋማሽ፣ ቀትር ላይ እንኳን፣ ፀሐይ ከአድማስ የምትነሳው 13 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። በማርችም ቢሆን ዝቅ ያለች ናት። በደቡብ ዳር ረጅም ነገር ከተከላችሁ ከንፋስ ያዳናችሁት ጎመን ፀሐይ አጥቶ ይቀጭጫል። ስለዚህ የእኔ ደንብ፦ በደቡብና በምዕራብ አጭር፣ በሰሜን ብቻ ረጅም። ብዙዎቹ የኪራይ ውሎችም የአጥር ቁመት ይገድባሉ፤ ዛፍ ያለ ፈቃድ አያስተክሉም። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ።

አሁን ወደ ግምገማው።

ከሁሉ በፊት ያወደስኩት የሚበላ ነገር አይደለም፤ አረንጓዴው የንፋስ መረብ ነው። ግማሽ ያህሉን ንፋስ የሚያሳልፍ ፕላስቲክ መረብ በጥቅልል ይሸጣል። አዲስ የተተከለ ችግኝ ራሱን እስኪችል ሁለት ሦስት ክረምት (የዚህ አገሩን የብርድ ወራት ማለቴ ነው) መጠለያ ይፈልጋል። መረቡ ያን ጊዜ ያሻግረዋል። ርካሹን ቀጭኑን አትግዙ፣ ዳር ዳሩ የተቀመቀመውን ግዙ። ዋናው ወጪ መረቡ ሳይሆን ቋሚው እንጨት ነው። ንፋስ መረቡን ሲሞላው የሚጎትተው ጉልበት ቀልድ አይደለም። በጃንዋሪ 2024 «ኢሻ» የሚሉት ማዕበል ሲመጣ ሩብ ሜትር ብቻ የተቀበሩት የሌሎች ሰዎች ምሰሶዎች ከነመረባቸው መንገድ ላይ ተገኙ። 60 ሳንቲ ሜትር የተቀበረው የእኔው ዘመም አለ እንጂ አልወደቀም። ከ10 ስምንት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት ስለሚያስጠላ ነው።

ብላክከረንት። ይሄን ትንሽ ላብራራው፣ ይገባዋል።

አገር ቤት የማናውቀው ፍሬ ነው። ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ከአተር ብዙም የማይበልጥ፣ ኮምጣጣ። እንግሊዝ ያደጉ ልጆቻችን በሪቢና ጭማቂ ያውቁታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን ከውጭ መግባት ሲያቅተው መንግሥት ለሕፃናት ቫይታሚን ሲ ብሎ ያደለው የዚህን ፍሬ ሽሮፕ ነው። የዛሬዎቹ ጥሩ ዝርያዎች አብዛኞቹ ስማቸው በ«ቤን» ይጀምራል። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ደንዲ ከተማ አጠገብ ባለ የምርምር ጣቢያ የተዳቀሉ ናቸው። የስኮትላንድን ብርድና ንፋስ የቻለ ሸፊልድን አይፈራም።

ለዳርቻ የመረጥኩት ቤን ሳሬክ ነው። አጭር ነው፤ አንድ ሜትር ከምናምን ላይ ይቆማል። በጠባብ ቦታ ለመደርደር ይመቻል። ዐመሉ አንድ ብቻ ነው፦ ፍሬው ስለሚበዛ ቅርንጫፉ እስከ መሬት ይጎነበሳል። ዳርና ዳር ችካል ተክላችሁ በሲባጎ ማቀፍ ነው። ጥግ ላይ ቦታ ካላችሁ ደግሞ ቤን ሆፕ ጨምሩ። ከፍ ይላል፣ እምቡጥ የሚያሳብጠውን ተባይም ይቋቋማል።

ሲገዙ በአበባ ማሰሮ ያለውን ሳይሆን ባዶ ሥሩን፣ ያለ አፈር የሚሸጠውን መግዛት ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ብቻ ይገኛል። ዋጋው በማሰሮ ካለው ግማሽ ገደማ ነው፤ እኔ አንዱን በ6 ፓውንድ አግኝቼዋለሁ። ሲመጣ ሞቶ የደረቀ እንጨት ይመስላል። አትደንግጡ። ሥሩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ አሳድሩት። ግንዱ ላይ የድሮው አፈር የደረሰበት ምልክት አለ፦ ከታች ጠቆር፣ ከላይ ፈዘዝ ያለ መስመር። ከዚያ ምልክት አራት ጣት ያህል ወደ ታች አጥልቃችሁ ትከሉት። ብላክከረንት አዲስ ቅርንጫፍ የሚያወጣው ከመሬት ውስጥ ስለሆነ ጥልቀት ይወዳል። ለንፋሳም ቦታ ደግሞ ይሄ ጥልቀት መልህቅ ይሆንለታል።

ከዚያ የሚመጣው ግን ሆድ ያባባል። ገንዘብ ከፍላችሁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ የተከላችሁትን ሁሉንም ቅርንጫፍ ከመሬት በላይ ሁለት እምቡጥ ብቻ አስቀርታችሁ መቁረጥ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ እያየችኝ «አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። ጥቅሙ ግን ወዲያው ይታያል። የሚያወዛውዘው ግንድ ስለሌለ ንፋሱ የሚይዘው አያገኝም። ተክሉ የመጀመሪያውን ክረምት ሥር ሲሰድድ ያሳልፋል። በመጀመሪያው በጋ (የዚህ አገሩ የሙቀት ወራት) ፍሬ አትጠብቁ። ከሁለተኛው ዓመት ይጀምራል፣ ሲደርስ አንድ ቁጥቋጦ 4 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በየክረምቱ ከጥቁር ያረጁ ቅርንጫፎች ሢሶውን ከሥር መቁረጥ ብቻ ነው።

ድክመት የለውም አልልም። የሚያብበው በኤፕሪል፣ ገና ብርድ ሳይወጣ ነው። ቀዝቃዛ ንፋስ ከበዛ ንብ አትመጣም፣ አበባው ፍሬ ሳይይዝ ይረግፋል። ለዚህም ነው መረቡን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አታንሱ የምለው። ጁላይ ላይ ደግሞ ወፎቹ ካንተ ቀድመው ይነሳሉ፤ መረብ ማልበስ ያስፈልጋል። ፍግ ይወዳል፣ ውኃ ይወዳል።

እና ምን ይደረግበታል? ማርማላታ ያው ነው። እኔ የምወደው ግን በብርዝ ነው። ማሩን በጥብጬ፣ ፍሬውን ጨፍልቄ አጣርቼ እጨምርበታለሁ። ቀለሙ ሐምራዊ ይሆናል፣ ጣፋጩን ኮምጣጣው ይሰብረዋል። እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ ሁለተኛ ብርጭቆ ያልጠየቀ የለም። ብላክከረንት ከ10 ዘጠኝ ተኩል።

አሁን ወደ አናደደኝ ነገር። «የሚበላ አጥር፣ ለ10 ሜትር፣ 50 ችግኝ» የሚል ጥቅል ኢንተርኔት ላይ ይሸጣል። ሥዕሉ ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማና ሐምራዊ ፍሬ ተንዠርግጎ ይታያል። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሻጭ ጋር አዘዝኩ። ሳጥኑ ሲመጣ ሥሩ በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከፊሉ ደርቋል። ግማሹ ሀውቶርን የሚሉት እሾሃም ቁጥቋጦ ነው። ዶግ ሮዝ የተባለው የዱር ጽጌረዳ የለም፤ «ስላለቀ በብላክቶርን ተክተናል» የሚል ወረቀት ገብቶበታል። ማን ጠየቃችሁ? ደወልኩ፣ ፎቶ ላኪ አሉኝ፣ ላክሁ፣ ለቀጣይ ግዢ የሚሆን ቅናሽ ሰጡኝ። ገንዘብ አልመለሱም።

ግን የሻጩ ነገር ይቅር። ችግሩ ጥቅሉ ራሱ ነው፤ ከሌላ ሻጭ ቢገዛም ያው ነው። ሀውቶርን ፍሬው ይበላል ይባላል፤ ቆዳና ፍሬ ዘር ነው። ብላክቶርን የሚያፈራው ስሎ አፍ ያኮማትራል፣ እንግሊዞቹ ከስኳር ጋር ጂን የሚሉት አረቄ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። እሾሁ ደግሞ ጓንት አልፎ ይገባል፣ የወጋው ቦታ ያመረቅዛል። ቼሪ ፕለሙ ጥሩ ፍሬ አለው፣ ነገር ግን አበባው ክረምቱ ሳይወጣ ስለሚፈነዳ ለብርድና ለንፋስ ይጋለጣል። ትልቁ ጉዳይ ይሄ ነው፦ እነዚህ ሁሉ ካልተቆረጡ አራት አምስት ሜትር የሚወጡ ናቸው። በውሉ ልክ ለማቆየት በየዓመቱ መከርከም አለባችሁ። ፍሬ የሚይዙት ግን ባለፈው ዓመት ባደገውና ከዚያም በቆየው እንጨት ላይ ነው። በየዓመቱ ስትከረክሙ የምትቆርጡት ፍሬውን ነው። አጥር ይኖራችኋል፣ ንፋስም ይከላከላል፣ የሚበላ ነገር ግን ከቁጥር አይገባም። ሰፊ የእርሻ ዳርቻ ላለው ገበሬ ግሩም ነገር ነው። ለ125 ካሬ ሜትር አይሆንም። እኔ በጥቅሉ ውስጥ የነበሩትን ሄዝል የሚባሉ የለውዝ ቁጥቋጦዎች አስቀርቼ የቀረውን ለጋራው አጥር ሰጠሁ። ከ10 ሦስት።

ያስቀረሁት ሄዝል በሰሜን ዳር ነው። እዚያ ቢረዝምም ጥላው የሚወድቀው መንገዱ ላይ ነው። አበባው በንፋስ ስለሚዳቀል ንፋስ ለእሱ ጠላት አይደለም። ለውዙን ግን ሽኮኮዎቹ ገና ሳይበስል ጠርገው ይወስዱታል። እኔ ለዱላው ነው የማበቅለው። ቀጥ ያለ፣ ለባቄላና ለአተር ድጋፍ የሚሆን እንጨት በየዓመቱ ይሰጠኛል። የቀርከሃ ግዢ ቀረልኝ።

ሮዛ ሩጎሳ ለብዙዎቻችን ልብ ይቀርባል፣ ምክንያቱም የቀጋ ዘመድ ነው። ደብረ ብርሃን ልጅ ሆነን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቀጋ እየለቀምን ያልበላን ማን አለ? የዚህኛው ፍሬ ከቀጋ በብዙ ይተልቃል፣ ሥጋም አለው። ባሕር ዳርቻ ላይ ጨው የተሸከመ ንፋስ ሲመታው ንቅንቅ አይልም። ከቁጥቋጦው ላይ ቆርጣችሁ ስትበሉ ግን ውስጡን ተጠንቀቁ። ፍሬውን በቢላ ለሁለት ክፈሉት፦ መሐሉ በነጫጭ ዘር የታጨቀ ነው፣ ዘሩን ደግሞ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ጠጉር ሸፍኖታል። ያ ጠጉር ጉሮሮ ላይ ከተቀመጠ ቀኑን ሙሉ ያሳክካል። በማንኪያ ጠራርጎ ማውጣት፣ ሽሮፕ ከሆነም በነጠላ ጨርቅ ሁለቴ ማጥለል ያስፈልጋል። እንግሊዞቹ በጦርነቱ ጊዜ ልጆችን አሰማርተው ከየአጥሩ የጽጌረዳ ፍሬ አስለቅመው ሽሮፕ ያፈሉ ነበር። ጎረቤቴ ከጦርነቱ በኋላም በማንኪያ እየሰጧቸው እንዳደጉ ነግረውኛል።

ታዲያ ለምን አሥር አልሰጠሁትም? ከሥሩ እየሾለከ ስለሚሄድ ነው። ዘንድሮ ዳር ላይ የተከላችሁት ከዓመታት በኋላ ድንቹ መሐል ብቅ ይላል። ወደ ዱር ወጥቶ የባሕር ዳር አሸዋማ ቦታዎችን ስለወረረ፣ በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ዱር ውስጥ መትከል የተከለከለ ነው። ግቢ ውስጥ ይቻላል። መትከል የሚፈልግ በጠርዙ አንድ አካፋ ያህል ጥልቅ ቦይ ቆፍሮ በየፀደዩ ሥሩን ይቁረጥ። እኔ አንድ ጥግ ላይ ብቻ ነው ያለኝ። ለትዝታ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ከ10 ስድስት።

የጥብስ ቅጠል። ሮዝመሪ እያልን ከሱፐርማርኬት በፕላስቲክ የምንገዛው ማለት ነው። ሰው የማያውቀው ነገር፣ ይሄ ቅጠል ግሩም አጥር ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው፣ ቅጠሉ ቀጭን ስለሆነ ንፋሱ መሐል ለመሐል እየተንሸራተተ ያልፋል። ሚስ ጄሶፕስ አፕራይት የሚባለውን ፈልጉ፤ ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ብርዱንም ንፋሱንም ይችላል። የማይችለው እግሩ ውኃ ውስጥ መቆምን ነው። የሸፊልድ አፈር ብዙ ቦታ ጭቃ ነው። ስለዚህ መደቡን አንድ ጫማ ያህል ከፍ አድርጌ ጠጠር ቀላቅዬበታለሁ።

በትንሽ የአበባ ማሰሮ ለማብሰያ ተብሎ ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ግን ወስዳችሁ ዳር ላይ አትትከሉ። በሙቀት ቤት ተቻኩሎ ያደገ ነው፤ የመጀመሪያው ውርጭ ይወስደዋል። የደረሰ ቁጥቋጦ ያለው ሰው ካወቃችሁ በኦገስት መዳፍ የሚያህል ቅንጣቢ ለምኑ። የታችኛውን ቅጠል አራግፋችሁ አሸዋ በበዛበት አፈር ውስጥ ሰክታችሁ በረንዳ ላይ አክርሙት። ስትከረክሙ አረንጓዴው ላይ ብቻ ቁረጡ፣ ቅጠል የሌለውን አሮጌ እንጨት ከቆረጣችሁት አያቆጠቁጥም። ሌላም ጥቅም አለው። በማርችና በኤፕሪል ሰማያዊ አበባው ንቦቹን ይጠራል፣ እነሱም አጠገቡ ያለውን ብላክከረንት እግረ መንገዳቸውን ይጎበኙታል። ለቤተ ክርስቲያን ዝክር ጥብስ ሲሠራ አንድ ሙሉ እቅፍ ይዤ ስገባ ሴቶቹ ይከቡኛል። ከ10 ዘጠኝ፤ አፈሩ ደረቅ ከሆነ አሥር።

ከሥሩ ጤና አዳም አስጠግቼለታለሁ። እዚህ ሩ በሚል ስም ይሸጣል። የእኛው የቅርብ ዘመድ እንጂ ራሱ አይደለም፤ ሽታው ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ቡና ላይ ግን ይሠራል። ከጉልበት ብዙም አይበልጥም፣ ክረምቱን ያልፋል። ፀሐይ ባለበት ቀን በባዶ እጅ አትቁረጡት፤ ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካየው እንደተቃጠለ ያቆስላል። ጓንት።

የጀሩሳሌም አርቲቾክ ነገር አስቂኝ ነው። ከሱፍ አበባ ወገን ነው፣ የሚበላው ከመሬት በታች ያለው ኮረት ነው። በአንድ በጋ ሁለት ሜትር ተኩል ይወጣል። ርካሽ ነው፣ ገበያ ላይ ለመብል የሚሸጠውን ወስዶ መቅበር ይበቃል። ፉዞ የሚባለው ዝርያ ጉብጉብ ስለሌለው ለመላጥ ይቀላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ለበጋ ፈጣን አጥር። ሆኖም በክረምት የለም። ዋናው ንፋስ ሲመጣ እሱ ደርቆ ተኝቷል። በጁላይ ከደረት ከፍታ ላይ ካልቆረጣችሁት ደግሞ የሴፕቴምበር ንፋስ ይሰባብረዋል። አንዴ ከተከላችሁት ለቅሞ መጨረስ የለም፤ የቀረችው ጣት የምታህል ቁራጭ በማግስቱ ዓመት ትነሳለች።

ጣዕሙ? አልጫ ውስጥ ከድንች ጋር ሠርቼዋለሁ፣ ደስ ይላል፣ ለፆም ይመቻል። ሆድ ግን ይነፋል። ኢኑሊን የሚባል ነገር አለበት፣ ሆዳችን አይፈጨውም። ቅዳሜ ማታ በልታችሁ እሁድ ቅዳሴ ለመቆም አትሞክሩ፣ ይሄን በፍቅር ነው የምላችሁ። ውርጭ ከመታው በኋላ፣ በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ የሚቆፈረው ይሻላል፤ ይጣፍጣል፣ ሆድም ላይ ይቀላል። ከ10 አምስት። በሰሜን ዳር፣ ያውም በበርሜል ተከልሎ ከሆነ ስድስት።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ጉዝቤሪ የሚሉት የፍሬ ቁጥቋጦ ጥሩ ነው፣ አጭር ነው፣ ንፋስ ይችላል። እሾሃም ስለሆነ መተላለፊያ አጠገብ አትትከሉት፤ በሜይ ቅጠሉን አገላብጣችሁ ትናንሽ አረንጓዴ ትሎች ፈልጉ፣ ካልደረሳችሁባቸው በጥቂት ቀን ቁጥቋጦውን ያራቁቱታል። ሲ ባክቶርን ወንድና ሴት ተክል ይፈልጋል፣ ሥሩ ይራባል፣ ፍሬው ከእሾህ መሐል አልላቀቅ ይላል፤ ለባሕር ዳርቻ ይተውለት። ኢሊያግነስ የሚሉት ብርማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ ለንፋስ አንደኛ ነው፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት፣ በመጸው፣ የአበባው ሽታ መንገድ ያስቆማል። ግን ውድ ነው፣ ፍሬውም ከመጣ መጣ ነው። ራስበሪ ንፋስ ላይ አይሆንም። ፍሬ የያዘው ቅርንጫፍ ከግንዱ በቀላሉ ይገነጠላል፤ ከአጥሩ በስተጀርባ፣ በተጠለለው በኩል ትከሉት።

አንድ የረሳሁት። በሩን አስቡበት። አጥራችሁ ባማረ ቁጥር ንፋሱ በምትገቡበት ክፍተት በኩል ተሰብስቦ ይገባል። እኔ ከመግቢያው አንድ ሜትር ገባ ብሎ ሦስት ብላክከረንት ተከልኩ፣ ዞር ብሎ መግባት ግድ ነው። ጎረቤቴ ጋሪያቸውን ይዘው ሲመጡ ያጉረመርማሉ፣ ግን የእሳቸው ሽንኩርትም ተጠልሏል።

ከጀርባው ምን ተረፈ? የሐበሻ ጎመኔ ከደረት በላይ ቆሞ ቅጠሉ ሳይቀደድ ከርሟል። ባቄላውን አሁንም አስረዋለሁ፤ ንፋሳም ቦታ ላይ ያለ ሰው ሰተን የሚባለውን አጭሩን ዝርያ ቢዘራ ከማሰሩም ይድናል። እሸቱ ያው ነው።

ማዘዝ የምትፈልጉ በኦክቶበር እዘዙ፣ ጥሩ ጥሩው ቶሎ ያልቃል። ሻጩ ሥሩን በምን ጠቅልሎ እንደሚልክ፣ ያለቀበትን ሳይጠይቅ ይተካ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሸፊልድና አካባቢው ያላችሁ ደግሞ ብላክከረንት መግዛትም አያስፈልጋችሁም። ዲሴምበር ላይ ስከረክም እርሳስ የሚያህል ውፍረት፣ አንድ ስንዝር ከግማሽ ርዝመት ያለውን ቁራጭ እየለየሁ አስቀምጣለሁ። መሬት ውስጥ ሁለት ሦስተኛውን ሰክታችሁ መተው ነው። ክብ ሆኖ ያበጠ እምቡጥ ካያችሁበት ተባይ አለበትና አትውሰዱት። ሌላው በነፃ ነው፤ እርጥብ ጋዜጣና ፌስታል ይዛችሁ ኑ።